የረዘመችው ኖታ

ሰው ሁሉ «ጋሽ ሁለተኛ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በወጣትነታቸው ኦርኬስትራ ውስጥ ሳሉ ነው። ሁለተኛ ቫዮሊን ወንበር ላይ ተቀምጠው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ንቅንቅ አላሉም። አንደኛ ቫዮሊኖች መጡ፣ ተጨበጨበላቸው፣ ሄዱ፤ እሳቸው እዚያው ናቸው። ስሙን ያወጡት ሊያሾፉባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ቅር አላላቸውም። «አንደኛው ይዘፍናል፣ ሁለተኛው ይሸከማል። ተሸካሚ ከሌለ ዘፋኙ የት ሊቆም ነው?» ይላሉ። ይህን ሲሉ ትንሽ ኩራት አለባቸው፤ ትሑት ነኝ የሚል ሰው ኩራት ደግሞ የሌላውን ሁሉ ኩራት ያስከነዳል።

ጡረታ ማለት ለሙዚቀኛ ቀልድ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ የልጆች ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ክፍላቸው ከሒሳብ ክፍል የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነውና ልጆቹ የፕላስቲክ ዋሽንታቸውን ባንድ ላይ ሲነፉ የሒሳቡ መምህር ግድግዳውን በጡጫ ይደበድባል። «አያችሁ፣ ከበሮ መቺም ተገኘልን፤ ምቱን ግን አልጠበቀም» ብለው ልጆቹን ያስቃሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ ከፒያኒስት ጋር ሆነው ለሚበላ ሰው ይጫወታሉ። ለሚበላ ሰው መጫወት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፦ ሲያምር ማንም አይሰማህም፣ ሲበላሽ ግን ሁሉም ሹካውን አስቀምጦ ቀና ይላል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ከሙዚቃ ቃላት የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ «ቀስ»። ባለፈ ባገደመ ቁጥር በእጁ አየሩን እየተጫነ «ቀስ፣ ቀስ» ይላቸዋል።

ከዚያ ወደ ቤት። ቤታቸው ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አንዱ ክፍል ይበቃቸዋል፤ ሌላው የሚከፈተው አቧራው ሲራገፍ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ሙዚቀኛ አልነበሩም። ግን ከማድ ቤት ሆነው «ዛሬስ ጥሩ ነበር» ወይም «ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ?» ይሏቸው ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ሐያሲ አላጋጠማቸውም። አሁን እቤት ሲገቡ የሚያናግራቸው ከታች የሚመጣው የስፌት መኪና ድምፅ ነው። መኪናው ሲቆም ፀሐይዋ ገና መስኮቱ ላይ እያለች ቤቱ ጭር ይላል። ብቸኝነት ነው እንግዲህ፤ የዳቦ ስም ቢያወጡለትም ያው ነው።

የማስተማር ዘዴያቸው የራሳቸው ነው። ሌላው መምህር ተማሪውን ያስጫውትና ቁጭ ብሎ ያርማል። ጋሽ ሁለተኛ ቁጭ ብለው አያውቁም። ተማሪው ጥቂት ድምፅ ማውጣት ከጀመረ በቃ፣ ቫዮሊናቸውን አንስተው ከሥሩ ሁለተኛውን ድምፅ ይጫወቱለታል። «ልጅ ብቻውን ሲጫወት የሚሰማው ስህተቱን ነው፤ ከሰው ጋር ሲጫወት ሙዚቃውን ይሰማል» ይላሉ። ሜትሮኖም የሚባለውን፣ ቷ ቷ እያለ ምት የሚቆጥረውን የእንጨት ዕቃ መደርደሪያ ላይ ከሰቀሉት ዘመን አልፎታል። «ሁለት ሰው እያለ እንጨት ምን ያደርጋል? እኔ ላንተ ሰዓት ነኝ፣ አንተም ለኔ።» ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ብዙ ተማሪ አፍርተውበታል። ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ ዘዴው ለተማሪው ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን ሁለተኛ ድምፅ የተጫወተ ሰው ብቻውን ሲጫወት ግማሽ ወሬ ያወራ ይመስለዋል፤ ሌላው ግማሽ የሚመጣው ከሌላ ሰው ነው።

ተማሪዎቹ ቀስ በቀስ ሳሱ። አንዱ አደገ፣ አንዷ ቤተሰቧ ቤት ቀየረ፣ ሌላው ቫዮሊኑን ሸጦ ጊታር ገዛ። እንደ ሰው አብረዋት የሚጫወቱት አንዲት ልጅ ብቻ ቀረች። የማዕዘኑ ፋርማሲ ባለቤት ልጅ ናት። ስሟን የሚጠሩት በቁጣ ጊዜ ብቻ ነው፤ በደህናው ቀን «ችኩሊት» ናት። ገና በሕፃንነቷ ስትመጣ የጀመረችውን ነገር ለመጨረስ እሳት እንደተነሳበት ቤት ትሮጥ ነበር። የቫዮሊኑን ደጋን ሳብ ስታደርገው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንድ ትንፋሽ ያልቃል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እኮ፣ ችኩሊት!» ሲሏት፣ «የርስዎ እንቁላል እስኪሄድ ቤቱ ይዘጋል፣ ጋሼ» ብላ ትመልሳለች። ምላሷ ከጣቷ ይፈጥን ነበር።

አሁን አድጋለች። ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ልትፈተን ነው። ትምህርት ቤቱ ዕድሜ ይገድባል፤ ዘንድሮ ካለፋት ሌላ ዘንድሮ የለም። ለፈተናው የተመረጠው ለሁለት ቫዮሊን የተጻፈ ሙዚቃ ነው። አንደኛውን ድምፅ እሷ ትጫወታለች፣ ሁለተኛውን የትምህርት ቤቱ ወጣት መምህር ያጅባታል። ቤት ውስጥ ታዲያ ሁለተኛውን የሚጫወተው ማን ሊሆን ነው? ጋሽ ሁለተኛ ናቸዋ።

መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ። አንደኛው ድምፅ አንዲት ኖታ ይዞ ይቆማል። እሱ እንደቆመ ሁለተኛው ከሥር ተነስቶ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ ይሮጣል። ሯጩ ጫፍ ሲደርስ አንደኛው ኖታዋን ይለቅና አብረው ይቀጥላሉ። ችኩሊት ያቺን ኖታ ስትይዛት ጋሽ ሁለተኛን አንጀታቸውን ትበላቸዋለች። ያቺ ደጋን ጨራሽ ልጅ ድምፁን ስባ፣ አቅጥና፣ ሳትበጥስ ታቆየዋለች። ሆቴል ሄደው ለፒያኒስቱ አወሩ፤ «ኖታ እንዲህ አድርጎ የሚያንጠለጥል ሰው በኦርኬስትራ ዘመኔ አላየሁም። ልጅቷ በሰለች!» ፒያኒስቱ «እም» አለና የፒያኖውን ቁልፎች በመሐረብ ጠረገ።

ልጅቷንም ራሷን ጠየቋት። «ደጋን መቆጠብ ከማን ተማርሽ?»

«ከርስዎ ነዋ» አለች፣ ፊቷን ወደ ኖታው መልሳ።

ደስ ብሏቸው ዋሉ።

የፈተናው የመጀመሪያ ዙር ቀን እሳቸው የሆቴል ሥራ ላይ ስለነበሩ አልሄዱም። ፈታኞቹ ከትምህርት ቤቱ ከተማ መጥተው ከድሮው ቲያትር ቤት ጀርባ ባለው ፎቅ ላይ ነበር የሚፈትኑት። ወደ ማታ ገደማ ስልካቸው ጮኸ። የደወለችው ዋናዋ ፈታኝ ናት። ድሮ ኦርኬስትራው ውስጥ ገና ልጅ ሆና ስትገባ ከጎናቸው ተቀምጣ ኖታ ትገልጥላቸው ነበር፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናለች፣ «ጋሼ» ማለቱን ግን አልተወችም።

«ጋሼ፣ ልጅቷ ድንቅ ናት» አለች። «አንዲት ነገር ግን አለች። ያቺ የምትቆመው ኖታ ላይ…»

«አይደል? አይደል?» አሉ ጋሽ ሁለተኛ፣ ምስጋና የመጣ መስሏቸው።

«ትረዝማለች፣ ጋሼ። የኛ አጃቢ ልጅ ሩጫውን ጨርሶ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ እሷ ገና ኖታዋን ይዛ ቆማለች። እሱ ቀጠለ፣ ተለያዩ። በኋላ ደረሰችበት፤ ግን ሁሉም ሰማ።»

«ደንግጣ ነው።»

«የደነገጠ ሰው ይቸኩላል እንጂ መች ይቆማል? ደግሞ አስደገምናት፤ ሲደገምም እዚያው ናት። ሰው የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ለሁለተኛው ዙር ጠርተናታል፤ እኔ እወዳታለሁ። ግን ያቺ ነገር ካልተስተካከለች ሌሎቹ አይቀበሏትም። ‹ከሰው ጋር መጫወት አትችልም› እያሉ ነው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጋሽ ሁለተኛ እንደ ቆሙ ቀሩ። ከሰው ጋር መጫወት አትችልም? የእሳቸው ተማሪ? ሌላ ምንም ቢሏት ይችሉት ነበር። ይህኛው ግን ልጅቷን አልፎ እሳቸውን ነው የነካው። «የዛሬ ጊዜ አጃቢ ይሮጣል፤ ልጁ ነው የቸኮለ» ብለው ለባዶው ክፍል ተናገሩ። ክፍሉ አልተከራከራቸውም።

በማግስቱ ልጅቷ መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ስታለቅስ ነው ያደረችው። «ነይ፣ ምንም አይደል» አሏትና ቫዮሊናቸውን አነሱ። አብረው ተጫወቱ። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ ልጅቷ ኖታዋን ያዘች፣ እሳቸው ሮጡ፣ ጫፍ ላይ ተገናኙ፣ አለፉ። ልክ እንደ ወትሮው ነው፤ መርፌ የምታስገባ ክፍተት እንኳ የለም።

«ይኸው!» አሉ። «የታለ ችግሩ? እስቲ ብቻሽን።»

ብቻዋን ተጫወተች። ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ ኖታዋ ረዘመች። ፈታኟ እንዳለችው ነው፤ ሰው የምትጠብቅ ትመስላለች። እንደገና አብረው ሞከሩ፤ ችግር የለም። ብቻዋን፤ ረዘመ። ጋሽ ሁለተኛ ራሳቸውን አከኩ። ከሰው ጋር ስትጫወት ደህና፣ ብቻዋን ስትሆን የሚጠፋባት እንዴት ያለ ነገር ነው? ዘወር ሲሉ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሜትሮኖም አዩ።

«እሱን ላውርደው መሰለኝ።»

«ጋሼ፣ እሱ ይቅርብን» አለች ቶሎ ብላ።

«ለምን ይቀራል?»

«እንትን ነው… አቧራ አለው።»

«አቧራ አይቆጥርም፣ እንጨቱ ነው የሚቆጥር» ብለው አወረዱት፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት፣ ቁልፉን አጠበቁት። ቷ፣ ቷ፣ ቷ ማለት ጀመረ። «በይ፣ አብረን እንሂድ። የት ላይ እንደምትወድቂ ይነግረናል።»

ጀመሩ። እስከዚያች ቦታ ድረስ ሦስቱም፣ ልጅቷም እሳቸውም እንጨቱም፣ አብረው ነበሩ። ከዚያ ልጅቷ ኖታዋን ያዘች። ጋሽ ሁለተኛ መሮጥ ጀመሩ፤ ገና ከደረጃው እኩሌታ ሳይደርሱ የሜትሮኖሙ ምት ቀድሟቸው ሄደ። የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት እንደ ዛገ ማጠፊያ ተጎትታ፣ ክሩ ላይ ዘግይታ ወደቀች። ሊደርሱበት ፈጠኑ፤ አልተያዘም። ከላይ የልጅቷ ድምፅ ግን ከእንጨቱ ጋር አልሄደም። ቀጠነ፣ ተሳበ፣ ቆየ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ እዚያው ቆማ አገኟት፣ እንደ ወትሮው ተገናኙ። እንጨቱ ብቻውን በሌላ ቦታ ቷ ቷ ይላል።

«ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» አሉ።

ቁልፉን እንደገና አጠበቁት፣ ሰዓታቸውን አውልቀው ከጎኑ አስቀምጠው ምቱን መረመሩት። ዕቃው ደህና ነው። እንደገና ጀመሩ፤ አሁን ዓይናቸውን ከኖታው ላይ አንስተው ልጅቷን ያዩ ነበር። ያቺ ቦታ ስትደርስ ልጅቷ ኖታውን አታይም፣ ሜትሮኖሙንም አታይም። የምታየው የእሳቸውን ትንሿን ጣት ነው። ያቺ ጣት እስክትወድቅ ጠበቀች፣ ስትወድቅ ለቀቀች።

ጋሽ ሁለተኛ ቫዮሊናቸውን ከአገጫቸው አወረዱ። ፋርማሲስቷ እናቷ ሰሞኑን በልጅቷ እጅ የላከችላቸው የጣት ቅባት ትዝ አላቸው። «ለብርዱ ነው» ብላ ነበር የላከችው። በዚያ ሰሞን ግን ብርድ አልነበረም።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አሏት።

«ምኑ?»

«አንቺ ልጅ!»

«እንጃ፣ ጋሼ። አስቤበት አይደለም። ጣትዎን ሲያምዎት አያለሁ… ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም…» አለችና አንገቷን ደፋች። «ትንሽ ነው እኮ የምትዘገየው።»

ሜትሮኖሙን አጠፉትና «ሂጂ፣ ነገ ነይ» አሏት።

በሚቀጥለው ቀን ሆቴል ውስጥ በሁለት ዜማ መካከል ወደ ፒያኒስቱ ጎንበስ አሉ። «አንተ፣ እውነቱን ንገረኝ። ትጠብቀኛለህ እንዴ?»

«የት?»

«አትቀልድ። ሩጫ ያለበት ቦታ ላይ።»

ፒያኒስቱ ወደ ምግቡ አዳራሽ ተመለከተ። «ሾርባ የሚጠጣ ሰው መቼ ምት ይቆጥራል፣ ጋሼ?»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«እሺ። ፈጣን ፈጣኖቹን ዜማዎች ከምንጫወተው ካወጣኋቸው ቆየሁ። ሥራ አስኪያጁ ቀስ በሉ ስላለ ነው።»

«ሥራ አስኪያጁማ ሁልጊዜም ቀስ ነው የሚል።»

«አዎ» አለ ፒያኒስቱ፣ ዓይኑን ከቁልፎቹ ላይ ሳያነሳ። «ዘንድሮ ግን ሰማሁት።»

ሳቁ። ሌላ ምን ይደረጋል? ከዚያ ለሚበላው ሰው አንድ ቀስ ያለ ዜማ ተጫወቱ፣ ማንም ቀና አላለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱ ረዘመባቸው። የሚደረገውን ያውቁታል። ልጅቷ ከእሳቸው ጋር በተጫወተች ቁጥር መጠበቅን ትለማመዳለች። ስለዚህ እሳቸው ከእሷ ጋር መጫወት ማቆም አለባቸው፤ ዛሬውኑ፣ ለሁልጊዜው። ካለፈች ትሄዳለች። ካላለፈች ግን… እዚህ ላይ ሲደርሱ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባቸው፤ የሰው ልብ ጓዳው ብዙ ነው። ዝም ብለው እንደ በፊቱ አብረዋት ቢጫወቱስ? አብረው ሲጫወቱ ችግር የለም፤ «ይኸው ተስተካከለ» ቢሏት ታምናቸዋለች። ፈተናው ላይ ኖታዋ ትረዝማለች፣ «ከሰው ጋር መጫወት አትችልም» ብለው ይመልሷታል፣ እሷም በሳምንቱ ቫዮሊኗን ይዛ ደረጃውን እየዘለለች ትመጣለች። ማን ያውቃል? ማንም። የትኛውም ዳኛ አይፈርድባቸውም። እንደዚያ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ሁለት ድምፅ ሲሰማ ታያቸው፤ አፍረውም እንኳ ሐሳቡን ቶሎ አልተውትም። የልብስ ሰፊው ሱቅ በር እስኪደርሱ አብሯቸው መጣ። ልብስ ሰፊው «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ? ዛሬ ደግሞ ሙዚቃ አለ?» ሲላቸው «የልጅቷ ብቻ» አሉት፤ ከአፋቸው ሲወጣ ነው መወሰናቸውን ያወቁት።

ልጅቷ ስትመጣ ቫዮሊናቸው ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። እሳቸው ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። እንዲህ ቁጭ ብለው አይታቸው ስለማታውቅ «አመመዎት?» አለች።

«አላመመኝም። ተጫወቺ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እሰማለሁ።»

ተጫወተች። አጀማመሯ የሚያምር ነበር፤ ከሥሩ የሚሸከም ድምፅ ባይኖርም ቆመ። ይህ ራሱ አስደነገጣቸው። ለካ ያለ እሳቸውም ይቆማል። ከዚያ ያቺ ቦታ ደረሰች። ኖታዋን ያዘች፣ ያዘች፣ አቀጠነች። ዓይኗ ጭናቸው ላይ ወዳረፈው እጃቸው ሄደ።

«አትጠብቂኝ» አሏት።

ደጋኗ ቆመ።

«እኔ አልመጣም። እዚያ ጫፍ ላይ ሌላ ሰው ነው ያለው፣ ጣቱ ደህና የሆነ ልጅ። ደርሶ ቆሟል። እሱን ነው ማግኘት ያለብሽ።»

«ካልጠበቅኩዎት ይቀራሉ እኮ፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰባበረ።

«እቀራለሁ። ታዲያ ምን ይሁን? እኔ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ፣ የትም አልሄድም። በይ ያዢ፣ ከመጀመሪያው።»

ሜትሮኖሙን ራሳቸው አወረዱት፣ ራሳቸው አጠበቁት። ልጅቷ እያለቀሰች ተጫወተች። ኖታዋ ረዘመች። «አልመጣም!» አሏት። እንደገና። ረዘመች፤ ትንሽ አጠረች፤ እንደገና ረዘመች። «አንቺ ችኩሊት አይደለሽም እንዴ? ዕድሜሽን ሙሉ ቀስ በይ ስልሽ አልሰማሽኝም፤ አሁን ሩጪ ስልሽ ደግሞ ትቆሚያለሽ? የሰው ጠማማ!» አሏት። በእንባዋ መሃል ሳቀች። ስትስቅ ረሳቻቸው፤ ኖታዋም በሰዓቷ ተለቀቀች።

እስከ ሁለተኛው ዙር ድረስ በየቀኑ መጣች። በየቀኑ ቁጭ ብለው ሰሟት። እጃቸው ግን አላረፈም፤ እሷ ስትጀምር ጣቶቻቸው ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ዓይኗ እንዳያርፍባቸው ብለው እጃቸውን ከወንበሩ ጀርባ ደበቁት፣ እዚያም ሆኖ ተንቀሳቀሰ።

የፈተናው ቀን ሆቴሉን አስፈቅደው አብረዋት ሄዱ። ከቲያትር ቤቱ ጀርባ ያለው ፎቅ ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ወንበሮቹ ላይ እናቶች ቦርሳቸውን አቅፈው ተደርድረዋል። ፋርማሲስቷ እናት ለሌላው ሁሉ መድኃኒት የምታድል ሰው ለራሷ ጭንቀት መላ አጥታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። በሩ ተዘጋ። ጋሽ ሁለተኛ ወደ በሩ ተጠግተው ቆሙ።

የወጣቱ አጃቢ ድምፅ ንጹሕ ነበር። ቀኑበት፣ እውነቱ ይሄ ነው። ልጅቷ ከላይ ገባች፣ ሄዱ፣ ተቀባበሉ። ያቺ ቦታ ደረሰች። ችኩሊት ኖታዋን ያዘች፤ ልጁ ከሥር ተነስቶ ያን ደረጃ እንደ ጨዋታ ወጣው። ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ለቀቀችው። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ አብረው አለፉ። በጣም አጭር ኖታ ነበረች። ያን ያህል አጭር መሆኗን ጋሽ ሁለተኛ ረስተውት ኖሯል።

ልጅቷ ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። እናቷ አቀፈቻት። ከእናቷ ትከሻ በላይ ጋሽ ሁለተኛን ፈልጋ አየቻቸው።

«ረዘመ እንዴ፣ ጋሼ?»

«አልረዘመም። ልክ ነበር።»

በሩ ተከፍቶ ፈታኟ ብቅ አለች። ደንቡ አይፈቅድምና ምንም አልተናገረችም፤ ድሮ ኖታ ልትገልጥላቸው ስትል እንደምታደርገው ራሷን ብቻ ነቀነቀችላቸው። ገባቸው።

ሲወርዱ ደረጃው ተፈግፍጎ ያዳልጥ ነበር። ልጅቷ ደስታው አስሯጧት ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወረደች፣ ከታች መታጠፊያው ላይ ግን ዞር ብላ ቆመች። ጋሽ ሁለተኛ መደገፊያውን ይዘው አንድ በአንድ ይወርዳሉ። አትጠብቂኝ ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ ተዉት። ደረጃ ፈታኝ የለውም። እስኪደርሱ ቆማ ጠበቀቻቸው፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

ሄደች። መጀመሪያ ሰሞን በየጊዜው ደወለች፤ ስለ መኝታ ቤቱ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ወጣቱ መምህር አወራች። በኋላ ስልኩ አልፎ አልፎ ሆነ። እንዲህ መሆኑ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው፤ የሚደውል ተማሪ የከፋው ተማሪ ነው። ጋሽ ሁለተኛ ጠዋት ለልጆቹ ዋሽንት ያስተምራሉ፣ የሒሳቡ መምህር ግድግዳውን ይደበድባል፣ ምሳ ሰዓት ላይ «ቀስ» ይባላሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ችኩሊት የምትመጣበት ሰዓት ነበር። ሳጥኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረዱት፣ ቫዮሊናቸውን ቃኙት። ሁለተኛውን ድምፅ ብቻውን ሊጀምሩ አሉና ተዉት፤ ግማሽ ወሬ ነው። ኖታው ማቆሚያው ላይ እንደተዘረጋ ነበር፣ የእሷ የአንደኛው ድምፅ ኖታ። በሕይወታቸው ተጫውተውት አያውቁም። ለምን አይሆንም ብለው ያዙት።

ብዙም አላስቸገራቸውም፤ ትንሿን ጣት የሚፈልግ ሩጫ የለበትም። ያቺ ቦታ ላይ ደረሱ። ኖታዋን ያዙና ከሥር የራሳቸውን ሩጫ በሐሳባቸው መስማት ጀመሩ። የወጣቱን ሳይሆን የራሳቸውን፤ ያችን የዛገች ጣት፣ እንደምትጎተተው፣ እንደምትወድቀው። ደጋኑን ቆጠቡ። አቀጠኑት። ሩጫው ገና እኩሌታ ላይ ነው። ልጅቷ እንዴት አድርጋ ነበር የምታቆየው? ድምፁ ሳሳ፤ የበለጠ ቆጠቡ፣ እንደ ምንም ሳቡት። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ቀርተዋል።

ደጋኑ አለቀ። ከሥር የሚሮጡት እሳቸው ገና አልደረሱም።